«የኦክስጅን ሴንሰር መብራት» የተባለው ስያሜ ሲመረመር

አንድ የሙያ ቃል የሚመዘነው በሁለት ሚዛን ነው። አንደኛው ቃሉ ከቋንቋው ሥርዐት ጋር መስማማቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃሉን የሰማ ሰው በሰማው መሠረት ትክክለኛውን ሥራ ለመሥራት መቻሉ ነው። የቃላት ጥናታችን አብዛኛውን ድካሙን ያፈሰሰው በመጀመሪያው ሚዛን ላይ ነው፤ ቃሉ ከውጭ ይወሰድ ወይስ ከግእዝ ይውጣ፣ ወይስ ከሕዝብ አነጋገር ይለቀም እየተባለ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተከራክረናል። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ስያሜ ግን በመጀመሪያው ሚዛን ሲታይ ነቀፌታው ጥቂት፣ በሁለተኛው ሲታይ ጉዳቱ ከፍ ያለ ነው። ይኸውም በአሽከርካሪዎችና በመካኒኮች ዘንድ «የኦክስጅን ሴንሰር መብራት» የሚባለው ነው።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዐባይን ከተሻገረ በኋላ ወደ ጎንደር የሚያመራ ሰው ብዙም ሳይርቅ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት የሚሰጥበትን ዘንዘልማን ያገኛል። በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ተሽከርካሪ ለቃላት ሰብሳቢ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ካርቡሬተር ያለው ባጃጅ ከዚህ መብራት ጋር አይተዋወቅም፤ ከጃፓን ያገለገለ ሆኖ የመጣው ቪትዝ ግን ሁልጊዜ ይዞት ይዞራል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በጃፓንኛ የተጻፈ ስለ ሆነ አሽከርካሪው አያነበውም፤ ስለ መብራቱ የሚያውቀው ሁሉ በቃል የሰማው ብቻ ነው። ስለዚህም በዚህ ጉዳይ ስያሜው የመመሪያውን ቦታ ተክቶ ይሠራል ማለት ነው።

ንግግሩ ብዙውን ጊዜ እንደሚከተለው ይሄዳል። አሽከርካሪው «ቼክ ኢንጂን አበራብኝ» ይላል። መካኒኩ በማሽን ያስነብብና «የኦክስጅን ሴንሰር ነው» ብሎ ይመልሳል። አሽከርካሪው ይህን «ሴንሰሩ ሞቷል» በማለት ይተረጉመዋል። ዕቃው ይገዛል፤ አሮጌው ወጥቶ ዐዲሱ ይገባል፤ በኮምፒዩተሩ የተመዘገበው ኮድ ስለሚሰረዝም መብራቱ ይጠፋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ተመልሶ ይበራል። መካኒኩ ያነበበው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑም አልዋሸም፤ አሽከርካሪውም አማርኛ አልጠፋውም። የተሳሳተው በመካከላቸው የተመላለሰው ሐረግ ነው። ገንዘቡ የወጣው ስለ መኪናው ሕመም ሳይሆን ስለ አንዲት «የ» ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህን ለማስረዳት አስቀድሞ የዕቃውን ሥራ ማወቅ ይገባል። ኦክስጅን ሴንሰር በጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ የሚሰካ፣ መልኩ ከካንዴላ ጋር የሚቀራረብ ዕቃ ነው። በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ያለው ዐይነት ከዚርኮኒየም ኦክሳይድ በተሠራ ሸክላ የቆመ ሲሆን፣ ሸክላው በውስጥም በውጭም በስሱ ፕላቲኒየም ተለብጧል። አንደኛው ወገን ከውጭ አየር፣ ሌላው ወገን ከሚያልፈው ጭስ ጋር ይገናኛል። ሸክላው 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ከጋለ በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው የኦክስጅን ልዩነት ጥቂት ቮልቴጅ ያመነጫል። ከጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ሲጠፋ፣ ማለትም ቤንዚኑ ሲበዛ፣ ቮልቴጁ ወደ 0.9 ይጠጋል፤ ኦክስጅን ሲተርፍ፣ ማለትም አየሩ ሲበዛ፣ ወደ 0.1 ይወርዳል። ኮምፒዩተሩም ይህን እየተከታተለ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር እንዲደርሰው የሚረጨውን ቤንዚን ይቀንሳል ወይም ይጨምራል።

በጣና ዳርቻ ይህ ሥራ በግልጽ ይታያል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ በደጀን በኩል የሚሄድ መኪና ወደ ዐባይ ሸለቆ ከ1000 ሜትር በላይ ቍልቍል ወርዶ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። የካርቡሬተር መኪና አንድ ጊዜ በተስተካከለበት ልክ ሲጓዝ፣ ሴንሰር ያለው መኪና ግን በየዳገቱና በየቍልቍለቱ መጠኑን ያርማል። ኮምፒዩተሩ እርማቱ መስመሩን መያዙን የሚያረጋግጠው በዚህ ሴንሰር ምስክርነት ነው። ዕቃውን የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ለቮልቮ መኪና አቅርቦ በገበያ ላይ ሲያውል «ላምዳ ሶንደ» ብሎታል፤ ላምዳ የአየርንና የነዳጅን ምጣኔ የምታመለክት የግሪክ ፊደል ናት። ጀርመንኛው ዕቃውን የሰየመው በሚጠበቀው ምጣኔ ነው። እንግሊዝኛው ግን በሚሸተተው ነገር ሰየመው፤ እኛም የወሰድነው የእንግሊዝኛውን ነው።

ወደ መብራቱ እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ እያንዳንዱ ቀላል መኪና በአንድ ዐይነት ኮድ ጉድለቱን እንዲመዘግብ ሕግ አስገደደ። አውሮፓም የቤንዚን መኪናዎችን በተመለከተ ከ2001 ወዲህ ተከተለ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ሲታተም ይህ ሥርዐት ገና ጨቅላ ነበር፤ ስለዚህ ጥያቄው የቀደሙት ባለመዝገቦች ሳይሆን የእኛ ዘመን ዕዳ ነው። በዚህ ሥርዐት መሠረት መብራቱ የሚናገረው «ኮምፒዩተሩ አንድ ኮድ መዝግቧል» የሚል ብቻ ነው። ኮዱ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ማሽን ያስፈልጋል።

አሁን ሦስት ኮዶችን እንመልከት። ፒ 0135 የሚባለው ሴንሰሩን በሚያሞቀው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ጉድለት መታየቱን ይገልጻል፤ በዚህ ጊዜ ተጠርጣሪው ሴንሰሩ ራሱ፣ ወይም ሽቦው፣ ወይም ፊውዙ ነው። ፒ 0171 የሚባለው ድብልቁ አየር እንደ በዛበት ይገልጻል፤ በዚህ ጊዜ ሴንሰሩ ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው፤ ከሞተሩ ጎማ ቱቦዎች አንዱ ተሰንጥቆ ይሆናል፣ ወይም የቤንዚን ፓምፑ ደክሞ ይሆናል፣ ወይም የአየር መለኪያው ዐቧራ ለብሶ ይሆናል። ፒ 0420 የሚባለው ደግሞ ጭስ የሚያጣራው ካታሊስት ሥራውን በሚገባ አለመሥራቱን ይገልጻል። ይህም የሚታወቀው ከካታሊስቱ በፊት ያለውንና ከካታሊስቱ በኋላ ያለውን የሁለት ሴንሰሮች ቃል በማነጻጸር ነው፤ ካታሊስቱ የወጣለት መኪና ይህን ኮድ ቢያሳይ የሚያስደንቅ አይደለም። እንግዲህ በመጀመሪያው ኮድ ሴንሰሩ ተከሳሽ፣ በሁለተኛው ምስክር፣ በሦስተኛው ከሁለት ምስክሮች አንዱ ነው። በጋራዥ አነጋገር ግን ሦስቱም «የኦክስጅን ሴንሰር» ይባላሉ፤ ሦስቱም ወደ አንድ ግዢ ይመራሉ።

ከዚህ ላይ ጉዳዩ የቋንቋ ጉዳይ ይሆናል። በአማርኛ በ«የ» የሚመሠረተው ዘርፍና ባለቤት ከድርጊት ስም ጋር ሲጣመር አድራጊውንና ተደራጊውን አይለይም። «የአበበ ክስ» ስንል አበበ የመሠረተው ክስ ወይም በአበበ ላይ የተመሠረተ ክስ ለማለት ይቻላል። «የሐኪም ምርመራ» ስንል ግን ማንም አይሳሳትም፤ ሐኪም መርማሪ መሆኑን ሰሚው ቀድሞ ያውቃልና። ይህ ማለት አሻሚነቱን የሚፈታው ሰዋስው ሳይሆን የሰሚው ዕውቀት ነው። «የሴንሰር ብልሽት» ወይም «የሴንሰር ኮድ» በተባለ ጊዜ ግን ሰሚው የሚመካበት ቀዳሚ ዕውቀት የለውም። የሙያ ቃል የሚፈጠረውና የሚተረጐመው ደግሞ በተለይ ይህን ዕውቀት ለሌለው ሰው ነው። ስለዚህ በዕለት ንግግር ጉዳት የሌለው «የ» በሙያ ስያሜ ውስጥ ወጥመድ ይሆናል።

ችግሩ የዚህ አንድ መብራት ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ሁለት ዘመዶቹን መጥቀስ ይበቃል። «የባትሪ መብራት» የሚባለው ሞተር ተነሥቶ ሳለ ሲበራ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው ዲናሞው ባትሪውን አለመሙላቱን ነው፤ ነገር ግን በስያሜው የተመራ ሰው ዐዲስ ባትሪ ይገዛል። «የዘይት መብራት» የሚባለው የዘይትን ግፊት እንጂ የዘይትን መጠን አይገልጽም፤ ዘይቱ ሙሉ መሆኑን በመለኪያው ዘንግ አይቶ ጉዞውን የቀጠለ አሽከርካሪ ሞተሩን ያጣል። በሦስቱም ዘንድ ስሕተቱ አንድ ነው፤ መብራቱ ስለ አንድ ሁኔታ ይመሰክራል፣ ስያሜው ግን አንድ ዕቃ ይጠራል።

«ቼክ ኢንጂን» የሚለውም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል። በእንግሊዝኛው ትእዛዝ ነው፤ ሞተሩን መርምር ወይም አስመርምር ማለት ነው። አማርኛ ሲቀበለው ትእዛዝነቱን አስቀርቶ ስም አደረገው፤ «ቼክ ኢንጂኑ በራ»፣ «ቼክ ኢንጂኑን አጥፋልኝ» እስከማለት ደረሰ። ትእዛዙ ስም ሲሆን ሥራው ከምርመራ ወደ ማጥፋት ተለወጠ፤ ምልክቱ ራሱ በሽታ ሆኖ ተቈጠረ። «ሴንሰሩ ሞቷል» የሚለውም ግስ ምርመራውን ዘሎ ፍርድ የሰጠ ነው። መልእክት አምጪውን መቅጣት በማንኛውም ቋንቋ ጥሩ ዳኝነት አይደለም።

አንዳንድ ጸሓፊዎች የዚህ ሁሉ ምክንያት ተውሶው ነው ይሉ ይሆናል። በበኩላችን ይህን አንቀበልም። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቺንጊያ የሚሉትን ከጣሊያንኛ ወስደናቸዋል፤ በሥራ ላይም ማንንም አላሳሳቱም፤ እጅ የሚነካቸው ዕቃዎች ስሞች ናቸውና። «ኦክስጅን» የሚለው ቃል ታሪክ ደግሞ ተውሶ አንዳንድ ጊዜ ከስሕተት እንደሚያድን ያሳያል። ላቯዚየ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቃሉን ከግሪክ ሲያወጣ «አሲድ አስገኚ» ማለቱ ነበር፤ አሲድ ሁሉ ከኦክስጅን እንደሚገኝ አምኖ ነበርና። እምነቱ ስሕተት መሆኑ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቢታወቅም፣ ቃሉን በትርጕሙ የገለበጡት ጀርመንኛና ሩስኛ ኮምጣጣነትን እስከ ዛሬ በስሙ ውስጥ ተሸክመው ይኖራሉ። አማርኛ በድምፁ ስለ ወሰደው ከዚህ ዕዳ ነጻ ነው። ስለዚህ «ኦክስጅን» እንዳለ ይቈይ እንላለን።

ስለ «ሴንሰር» ግን የቀረቡ አማራጮች አሉ። ከግእዝ «ሕዋስ» የሚለውን ለማውጣት የሚሞክር ሰው መንገዱ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ አምስቱ ሕዋሳት በሚለው አነጋገር ስሜትን ሲያመለክት የኖረው ቃል በሥነ ሕይወት ትምህርት የአካል ጥቃቅን ክፍል ስም ሆኗልና። «ለኪ» የሚለው ከዕቃው ሥራ ይበልጣል፤ የተለመደው ኦክስጅን ሴንሰር ከመስመሩ በላይ ወይም በታች መሆንን ይናገራል እንጂ መጠኑን በትክክል አይለካም። «አነፍናፊ» የሚለው ልብን የሚስብ ነው፤ ዕቃው በእርግጥ ጭስ ያነፈንፋል፤ ከዚህም በላይ አነፍናፊ ውሻ ኮንትሮባንድ ስላገኘ የሚመታው ሰው የለም፤ ስለዚህ ቃሉ በራሱ ምስክርነትን ያስተምራል። ነገር ግን በአንድ መኪና ላይ የሙቀት፣ የግፊትና የፍጥነት ሴንሰሮችም አሉ፤ እነዚህ አያነፈንፉም። የወል ስም የሚሆነው ቃል ሁሉንም መሸፈን አለበት። «ዳሳሽ» የሚለው በስልኮች ላይ «የጣት አሻራ ዳሳሽ» በሚለው አጠቃቀም አማካይነት በሰፊው ሕዝብ እጅ ገብቷል። ዳሰሰ የሚለው ግስ በመነሻው የእጅን መንካት ቢያመለክትም፣ ዕውር መንገዱን ሲዳስስ እንደምንለው፣ ሳያዩ ሁኔታን መረዳትንም ይጨምራል። ስለዚህ ለወል ስምነት «ዳሳሽ»ን እንመርጣለን፤ «ሴንሰር» ደግሞ የጋራዡ ቃል ሆኖ በመዝገቡ ውስጥ በመምሪያ ይግባ እንላለን።

ይሁን እንጂ ከቃሉ ምርጫ ይልቅ አጣመሩ ይበልጣል። አማርኛ አድራጊን ከተደራጊ ለመለየት የራሱ መንገድ አለው። «ሰዓት ሠሪ»፣ «ወንጌል ሰባኪ»፣ «ግብር ሰብሳቢ» ስንል ተደራጊው ቀድሞ፣ አድራጊው በቅጽል ስም ይከተላል፤ «የ» አያስፈልግም፤ አሻሚነትም የለም። በዚሁ ሥርዐት «ኦክስጅን ዳሳሽ» ብንል ዕቃው አድራጊ፣ ኦክስጅን ተደራጊ መሆናቸው ከቃሉ ፊት ላይ ይነበባል። ስለ ጉድለት ስንናገር ደግሞ «የዳሳሽ ብልሽት» የሚለውን ትተን አንዱን ከሁለት እንድንመርጥ ሰዋስው ያስገድደን፤ ይኸውም «በዳሳሹ ላይ የደረሰ ብልሽት» ወይም «ዳሳሹ ያመለከተው ብልሽት» ነው። ሐረጉ በጥቂት ይረዝማል፤ ነገር ግን ጸሓፊው የሚናገረውን ሳያውቅ ሊጽፈው አይችልም። ይህ ለተርጓሚ ችግር ሳይሆን ፈተና ነው፤ ፈተናውን ያላለፈ ተርጓሚም የመኪና መመሪያ ባይተረጕም ይሻላል።

መብራቱን በተመለከተ «ሞተር አስመርምር» የሚለው ቀጥተኛ ትእዛዝ አንድ ችግር አለው። እንግሊዝኛ በትእዛዝ ጾታንና ክብርን አይለይም፤ አማርኛ ግን «አስመርምር»፣ «አስመርምሪ»፣ «ያስመርምሩ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ አለበት። ስለዚህ ለመብራቱ «የሞተር ምርመራ መብራት» የሚለውን ስም፣ ለማብራሪያው ደግሞ «ሞተሩን ያስመርምሩ» የሚለውን የአክብሮት ትእዛዝ እናቀርባለን። በዚህ ስም ውስጥ ያለው «የ» አይጎዳም፤ ሞተር ተመርማሪ እንጂ መርማሪ አለመሆኑን ሰሚው ሁሉ ያውቃልና። ስለ ድብልቁም ቢሆን እንግሊዝኛው «ሪች» እና «ሊን» የሚላቸውን «ሀብታም» እና «ከሲታ» ብሎ መገልበጥ አያሻም። መካኒኮቻችን «ቤንዚን በዝቶበታል»፣ «አየር በዝቶበታል» ሲሉ ከእንግሊዝኛው የጠራ አነጋገር አላቸው፤ መዝገቡ ይህን እንዳለ ይቀበል።

በነዚህ ቃላት የተጻፈ መመሪያ ምን እንደሚመስል ለማሳየት የሚከተለውን ናሙና እንሰጣለን። «የሞተር ምርመራ መብራት ሳያቋርጥ ቢበራ ተረጋግተው ይንዱ፤ በቅርቡም ሞተሩን ያስመርምሩ። እየጠፋ ቢበራ ፍጥነት ይቀንሱና በአስተማማኝ ቦታ ያቁሙ፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊስቱ ገብቶ ሊያበላሸው ይችላል። መካኒኩ ከማንኛውም ግዢ በፊት ኮዱን ያንብብና ይጻፍ። ኮዱ ዳሳሹ ያመለከተውን ብልሽት የሚገልጽ ከሆነ፣ መጀመሪያ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ ከዳሳሹ በፊት የተከፈተ የጭስ ቧንቧ፣ የቤንዚን ግፊትና የአየር ማጣሪያው ይታዩ። ኮዱ በዳሳሹ ላይ የደረሰ ብልሽትን የሚገልጽ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሽቦው፣ መሰኪያውና ፊውዙ ይታዩ። ዳሳሹ የሚለወጠው ቮልቴጁ ተለክቶ፣ ሞተሩ ጋሎም ከ0.1 እስከ 0.9 ባለው ክልል የማይመላለስ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ከካታሊስቱ በፊት ያለውን የተለመደ ዳሳሽ ይመለከታል፤ ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ግን ካታሊስቱ ደኅና ሲሆን ረግቶ መቈየት ይገባዋል። ስለዚህ «የፊት ዳሳሽ» እና «የኋላ ዳሳሽ» ብሎ መለየት ግድ ነው።

በመጨረሻ የሚነሣውን ተቃውሞ እንመልከት። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም. ተገልጿል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጭስም ኦክስጅን ዳሳሽም የለውም። ታዲያ ስለሚያልፍ ዕቃ ይህን ያህል መድከም ለምን ይባል ይሆናል። መልሳችን ሁለት ነው። ቀድሞ የገባው መኪና በአንድ ውሳኔ ከመንገድ አይጠፋም፤ እያረጀ በሄደ መጠንም መብራቱ አዘውትሮ ይበራል። ዋነኛው ግን የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚኑ ይልቅ በዳሳሾች ቃል የሚኖር መሆኑ ነው። የባትሪውን ሙቀት የሚከታተለው ዳሳሽ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ፣ የሞቀው ባትሪው ይሁን የተበላሸው ዳሳሹ ይሁን ካልለየን፣ ያለ ምክንያት የሚለወጠው ዕቃ ከኦክስጅን ሴንሰር እጅግ የሚወደድ ይሆናል።

ስለዚህ የውሳኔ ሐሳባችን አጭር ነው። መዝገቡ «ኦክስጅን ዳሳሽ»፣ «የሞተር ምርመራ መብራት»፣ «ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ» እና «አየር የበዛበት ድብልቅ» የሚሉትን ያስገባ፤ «የሴንሰር ብልሽት» የሚለውን ግን አሻሚ ብሎ ምልክት ያድርግበት። የቃላት ሰብሳቢዎችም ወደ ጋራዥ ሲሄዱ የዕቃዎችን ስም ብቻ ሳይሆን፣ ስሙ ከተነገረ በኋላ ምን ዕቃ እንደ ተገዛ ጭምር ይመዝግቡ።